ቴሙና ፎርሙ ሲጣሉ፦ ማን ያሸንፋል?

እንዴት ናችሁ ቤተሰብ! ዛሬም ከደሴ ነን። ቡና ላይ ከሆናችሁ ሦስተኛውን ጠጥታችሁ ኑ፤ እኔ የትም አልሄድም።

በወርድፕረስ (በዌብሳይት መሥሪያው ፕሮግራም) የሠራችሁት ዌብሳይት ያምራል። የፎርም ፕለጊን፣ ማለትም ፎርም የሚጨምር ተቀጥላ ፕሮግራም፣ ጫናችሁ፤ ጉድ ፈላ። «ላክ» የሚለው ቁልፍ ነጭ በነጭ ሆኖ ጠፋ። «እስማማለሁ» የምትለዋ ሚጢጢ ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ተለጥጣ ጽሑፏን ገፍታ ጣለችው። አብሽሩ፣ ምንም አልተበላሸም። ቴሙም (የሳይቱን መልክ የሚሰጠው) ፕለጊኑም ያንኑ ፎርም በየራሳቸው ሲኤስኤስ፣ ማለትም መልክን በሚወስን ኮድ፣ እያዘዙት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች አንድ ነገር ይለኛል፦ «መጨረሻ የተጫነው ያሸንፋል፤ ኮዱን ታች ወርውረው።» ኧረ በጭራሽ!

የወሎ ድግስ አስቡ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዘመድ ነው፤ ሁሉም ይጠራል። ስለዚህ እርዱ ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ። ደጋሿ ጠዋት «የሙስሊሞቹ ወጥ በዚች ጭልፋ ብቻ ይውጣ» ብላ አዘዘች። ከሰዓት ግቢው ሲተረማመስ ደግሞ «ያገኛችሁትን ጭልፋ ያዙና ወጥ አውጡ፣ ሰው ራበው!» ብላ ጮኸች። ታዲያ የሙስሊሞቹ ድስት ላይ ያለችው ልጅ ጭልፋዋን ትቀይራለች? ንቅንቅ አትልም! የከሰዓቱ ትእዛዝ የጅምላ ነው፤ የጠዋቱ ለዚያች ድስት ተለይቶ የተነገረ ነው። ስለዚያችው ድስት እኩል የተለዩ ሁለት ትእዛዞች ቢመጡ ነው የኋለኛው የሚሠራው። እኩል ከሆኑ ብቻ! ይቺን ያዙልኝ።

ብራውዘሩም እንደዚያች ልጅ ነው። ትእዛዙ ነገሩን በአይዲ (የአንድ ነገር ብቻ መለያ) ከጠራው 1-0-0፣ በክላስ (የብዙዎች የጋራ መለያ) 0-1-0፣ በተራ ታግ (የነገሩ ዓይነት ስም፣ እንደ ኢንፑት ማለትም መሙያ ሳጥን) 0-0-1 ብሎ ይቆጥራል፤ ከግራ ጀምሮ ያወዳድራል። አሥር ክላስ ብትደረድሩም አንድ አይዲን አይረታም። ቴሙ «ዓይነቱ ቴክስት የሆነ ኢንፑት» ካለ፣ «ዓይነቱ» እንደ ክላስ ስለሚቆጠር 0-1-1 አገኘ። ፕለጊኑ በአንድ ክላስ ብቻ ከመጣ 0-1-0 ነው፤ ታች ቢጫንም ተሸነፈ። ያቺ የተለጠጠችው ሳጥንስ? ቴሙ «ኢንፑት ሁሉ ስፋቱ 100 ፐርሰንት» ብሏል፤ ፕለጊኑ ስለ ስፋቷ ምንም አላለም። ዝም ካለማ ማን ይሰማዋል!

መፍትሔው፣ ቶሎ ቶሎ እንሂድ፣ ይሄን ታውቁታላችሁ። ብራውዘሩ ላይ ሳጥኑን ራይት ክሊክ፣ ኢንስፔክት፤ የሲኤስኤስ ትእዛዞቹ ይዘረዘራሉ። የተሰረዘው መስመር የተሸነፈው ነው፤ ከሱ በላይ አሸናፊውን አንብቡ። ከዚያ የፎርሙን መጠቅለያ ክላስ (ፎርሙን በሙሉ የያዘውን) ከፊት አስቀድማችሁ የራሳችሁን ትእዛዝ ጻፉ። ኮንታክት ፎርም 7 በሚባለው ፕለጊን መጠቅለያው ደብሊውፒሲኤፍ7 (wpcf7) ነው። ሳጥኗን ስፋት አውቶ፣ ቁልፉን የጽሑፍ ቀለም፣ በቃ። የምትጽፉት ወርድፕረስ ውስጥ «አዲሽናል ሲኤስኤስ» በሚለው ቦታ ነው። የፕለጊኑን ፋይል እንዳትነኩ! አፕዴት ሲመጣ ልፋታችሁ ገደል ይገባል።

«ኢምፖርታንት (ትእዛዙን ከሌሎቹ የምታስቀድመዋን !important) ለጥፍበትና ተገላገል» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ይሠራል። ግን እሱን የሚያሸንፍ ሌላ ኢምፖርታንት ይመጣል፣ ለዚያም ሌላ። ለእኔ የሰነፍ ሥራ ነው፤ የቴሙ ኮድ ራሱ ኢምፖርታንት ካለበት ብቻ እጠቀመዋለሁ።

ስትጨርሱ ካሹን (የተቀመጠውን አሮጌ ቅጂ) አጥፉና በስልክም እዩት። ፎርሙ አምሮ ኢሜይሉ ካልደረሳችሁ ግን ያ የሲኤስኤስ ጉዳይ አይደለም፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ እሱው ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?