ባቡሩ ለምን እንዲህ ይጨናነቃል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደውላችሁ ለጠየቃችሁት የትራንስፖርት መሐንዲሱ እንግዳችን እንዲህ መልሰዋል።

ከአያት፦ ጠዋት ባቡሩ መገናኛ ሳይደርስ ጢም ይላል። ለምን ረዘም ያለ ባቡር አያመጡም?

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወንድሜ፣ ርዝመቱን ተወው፣ ምልልሱን ተመልከት። አንድ ባቡር ተቀምጦም ቆሞም 250 ሰው ይይዛል እንበል። በየ6 ደቂቃው ከመጣ በሰዓት 10 ባቡር፣ 2,500 ሰው ነው። በየ15 ደቂቃው ከሆነ 4 ባቡር፣ 1,000 ሰው። የቀረው 1,500 ሰው ጣቢያ ላይ ተኮልኩሎ ቀጣዩን ይጠብቃል፣ ሲመጣም ይጋፋል። መስመሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆሙ። ባቡር ሲቀንስ ምልልስ ይቀንሳል፣ ሰዉ ግን አልቀነሰም።

ከሳሪስ፦ ደህና መጥተን ስታዲየም ጋ ስንደርስ ለምን እንቆማለን?

ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሀዲድ ስለሚጋሩ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውም፣ ከቃሊቲ ወደ መርካቶ የሚወጣውም እዚያ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ መስመር በየ6 ደቂቃው ቢልክ መሃል ላይ በየ3 ደቂቃው ባቡር ማለፍ አለበት። ስለዚህ አንዱ ሜክሲኮ ላይ ትንሽ ከዘገየ የማታውቁት የሌላ መስመር ሰው ሁሉ ይቀጣል። ለምን ዘገየ? ብዙ ጊዜ በር የያዘ ሰው ስላለ ነው። በር አትያዙ!

ቦርሳዬን ከኋላ ልሸከም ከፊት?

ከፊት።

ከጉርድ ሾላ፦ ጓደኛዬ በሩ ሊዘጋ ሲል እግሯን አስገብታ ትጠብቀኛለች። ሰው ሲነካው መልሶ ይከፈታል አይደል?

እህቴ፣ ጓደኛሽን ውደጃት፣ ግን እንዲህ አታስለምጃት። በሩ ወፈር ያለ ነገር ሲያጋጥመው እንዲከፈት ተደርጎ ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን የነጠላ ጫፍ፣ የቦርሳ ማንገቻ፣ የሕፃን ጣት ቀጭን ነው፤ በሩ ላያውቀው ይችላል። ነጠላው በር ውስጥ፣ ሰውየው ውጭ ሆኖ ባቡሩ ቢነሳስ? ከባቡር ጋር ሩጫ ይዛችሁ ታሸንፋላችሁ?

ሌላም አለ። ባቡሩ እናንተን ሲጠብቅ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ሰው እየተጠራቀመ ነው። ብዙ ሰው ካለ መውረድና መሳፈሩ ይረዝማል፣ ባቡሩ ይበልጥ ይዘገያል፣ በሚቀጥለው ጣቢያም ይበልጥ ብዙ ሰው ያገኛል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ የሚያሳፍረው አጥቶ ግማሽ ባዶውን ይደርስበታል። ያን ጊዜ «ሁለት ባቡር ተከታትሎ መጣ፣ እነዚህ ሰዎች ሥራ አያውቁም» ትላላችሁ! አሽከርካሪውን ተዉት፤ በሩን የያዘችውን ልጅ ጠይቋት።

ይሄው ጥድፊያ ነው አጥር አዘልሎ ሀዲድ የሚያሻግራችሁ። ባቡሩ እንደ ሚኒባስ ጥግ አይዝላችሁም፣ ፍሬን ተይዞም ወዲያው አይቆምም። በመሻገሪያው ሂዱ። አምስት ደቂቃ ብታረፍዱ አለቃ ይቆጣል፣ ይበርድለታል። ልጅ ይዛችሁ የምትሮጡ እናትና አባቶችማ… ልተወው፣ ደሜ ይፈላል።

ከኮካ ኮላ፦ ጫፍና ጫፉ ላይ ቦታ እያለ ሰው ለምን በር ላይ ይታጎራል?

ግማሹ የሰው ጠባይ፣ ግማሹ የባቡሩ አሠራር ነው። ወለሉ 70 በመቶ ያህሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ቀሪው ከፍ ያለ ስለሆነ ደረጃ መውጣት አለ። ሰው ደግሞ «ስወርድ አይከፈትልኝም» ብሎ ይፈራል። ሩቅ የምትሄዱ ወደ ውስጥ ግቡ። ሁለት ጣቢያ ሲቀራችሁ «ወራጅ ነኝ፣ አሳልፉኝ» በሉ፤ ሰው ያሳልፋል። በሩን ግን…ታውቁታላችሁ።

ከቃሊቲ፦ ሲጨናነቅ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ምን ይሻለኛል?

ልጄ፣ የኔ ሙያ ባቡር ነው። እንደዚያ ሲልሽ ሥራ ይረፍድብኛል ሳትይ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ውረጂ፣ አጠገብሽ ላለው ሰውም ንገሪ። አስምም ሊሆን ይችላል፣ የልብም፣ የፍርሃትም፤ እኔ አላውቅልሽም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ።