ኪቦርዱ እስኪገዛ ድረስ

የተከበራችሁ የሕፃናት መዘምራን አሠልጣኞች፣ መምህራንና ወላጆች፤

አዘጋጆቹ በሥልጠናው መዝጊያ ላይ ስለ ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲና መምህር ስለ ዞልታን ኮዳይ እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ በእርሱ ስም የራሴን ብሶት እንደማወጣ ሳይጠረጥሩ የቀሩ አይመስለኝም። አብዛኞቻችሁ ለዓመታት አብራችሁኝ ስለ ሠራችሁ ወዴት እንደማመራ ገና ከመነሻው ታውቃላችሁ።

ሆኖም ባለታሪኩን ላስቀድም። ኮዳይ እ.ኤ.አ. በ1882 በኬችኬሜት ከተማ ከባቡር ጣቢያ ሹም ተወለደ። ቡዳፔስት ገብቶ ሙዚቃንም ቋንቋንም አጠና፤ በ1906 የዶክትሬት ማዕረግ ያስገኘለት ጥናት ስለ ሃንጋሪ የሕዝብ ዘፈን የአንጓ አወቃቀር ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ሃንጋሪያዊ የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክ የሥራ ባልደረባው ሆነ። የቡዳና የፔስት ውሕደት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1923፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የደረሰው «ሳልሙስ ሁንጋሪኩስ» ስሙን ከአገሩ ድንበር አሻገረው። እንግዲህ አርባ ዓመት ያለፈው፣ የተማረና የተከበረ ሰው ነው። ለሕፃናት ዜማ እንዲደርስ የሚያስገድደው አንዳች ነገር አልነበረም።

ያስገደደውን ነገር የሰማው ከቁጥቋጦ ጀርባ ተቀምጦ ነው። በ1925 ጸደይ በቡዳ ኮረብቶች ላይ ሲዘዋወር ሽርሽር የወጡ ልጃገረዶች እየዘፈኑ አገኘ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዜማ ሲያሳድድ የኖረ ሰው እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል? ተደብቆ ግማሽ ሰዓት ያህል አዳመጣቸው፤ ባዳመጠ ቁጥርም በዘፈኑ ርካሽነት ድንጋጤው እየባሰ ሄደ። ይበልጥ ያስደነገጠው ግን የልጃገረዶቹ ማንነት ነው፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች ነበሩ። ነገ ክፍል ገብተው ያንኑ ለሕፃናት የሚያወርሱት እነርሱ ናቸው። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የትምህርት ቤቶቻችን የዓመት መዝጊያ በዓል ፊቴ ላይ ይደቀናል፤ ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ትልልቅ ሰዎች ስለ ክህደት የዘፈኑትን ዘፈን ከድምፅ ማጉያው ጋር አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ያስመስላሉ፣ እኛ ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ ሆነን በስልክ እንቀርጻለን። እናጨበጭባለንም! ከቁጥቋጦው ጀርባ የሚደነግጥ ሰው ከመካከላችን ጠፋ።

ኮዳይ ደንግጦ አልቀረም። በዚያው ዓመት የሕፃናት ኅብረ ዝማሬዎችን ደረሰ፤ ከዚያም አርባ ዓመት ያህል ተሠርቶ የማያልቅ የሚመስል የመለማመጃ ዜማ ጻፈ። በ1929 በጻፈው ጽሑፍ ደግሞ፣ በኪሽቫርዳ፣ ማለትም በአንዲት ትንሽ የጠረፍ ከተማ፣ ዝማሬ የሚያስተምረው ሰው ማንነት ከኦፔራው ቤት ዳይሬክተር ማንነት የበለጠ ያሳስባል አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ደካማ ዳይሬክተር ወዲያው ይነሣል፤ ደካማ መምህር ግን ለሠላሳ ዓመት በሠላሳ ክፍል ልጆች ውስጥ የሙዚቃን ፍቅር ይገድላል።

አሁን የመጣሁበት ጉዳይ ላይ ደረስሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ የዝማሬ ክፍለ ጊዜ እንዲሰጠኝ ለመንሁ። «ኪቦርድ ሲገዛ እንጀምራለን» ተባልሁ። ጨረታው አንድ ዓመት ፈጀ። ኪቦርዱ ሲመጣ ንብረት ክፍል ገባ፣ ቁልፉ ጠፋ፣ ቁልፉ ሲገኝ የሚረከብ ሰው ታጣ፤ በዚህ መካከል የእኔ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ተሰጠ። አንድም ቀን ሳይዘምሩ ትምህርት ቤቱን የለቀቁ ልጆች አሉ። ወገኖቼ፣ የልጅ ጉሮሮ በጨረታ አይገዛም! በሞዴል 22 ወጪ አይደረግም! ልጁ ከቤቱ ይዞት ነው የሚመጣው፤ እኛ ነን ዝም በል እያልን የምንመልሰው።

ኮዳይ ይህን በመከራ ጊዜ አሳይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቡዳፔስት በከበባ ስትደበደብ፣ በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ፣ ከባለቤቱ ጋር በምድር ቤት ተጠልሎ ሳለ የቅዳሴ ድርሰቱን ለዘማሪ ድምፆች አዘጋጀ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማውም በየካቲት 1945 በኦፔራው ቤት ካፖርት ማስቀመጫ ክፍል፣ በአንድ ሐርሞኒየም አጃቢነት ነበር። ኦርኬስትራው እስኪሰባሰብ፣ ከተማው እስኪጠገን አልጠበቁም።

ስለ ኮዳይ የሙዚቃ ማስተማሪያ ዘዴ ሥልጠናው ላይ ብዙ ስለ ተባለ አላሰለቻችሁም። በእጅ ምልክት ድምፆችን ማሳየቱ የእርሱ ፈጠራ አይደለም፤ ከእንግሊዛዊው የዝማሬ መምህር ከጆን ከርወን የተወሰደ ነው፤ ጥሩ ነገር ከጎረቤት መዋስ አያሳፍርም። እኛን የሚነካን ግን ሕፃኑ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በድምፆች መካከል ያለው አጭሩ ርቀት፣ በሌለበት ባለአምስት ድምፅ ዜማ ይጀምር ማለቱ ነው። ትዝታ እየሰማ ያደገ የእኛ ልጅ ይህን ከማንም ሳይማር ጆሮው ላይ አለው። የዜማ ቤት ተማሪም ከየኔታ አፍ እየተቀበለ ያለ መሣሪያ ያድጋል።

በ1950 በኬችኬሜት ልጆች በየቀኑ የሚዘምሩበት የመጀመሪያው የሙዚቃ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኮዳይ በ1967 አረፈ። በ2016 ዩኔስኮ፣ በእርሱ አስተሳሰብ የሕዝብ ሙዚቃን የመጠበቅ ሥራ በመልካም ተሞክሮነት መዘገበው።

ሰዓቴ አልቋል፤ ልጆቹም በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው። ሁለት ዜማ ያሰሙናል። መድረኩ ላይ ያለውን ኪቦርድ ማንም አይጫወትበትም፤ ቦታ ስለ ያዘባቸው እባካችሁ ሁለት ሰው ያንሣልኝ።