«አረፍ በሉ» አንበላቸው

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ! ፀሐይዋ ሳትበረታ እዚህ ከዚራ ዛፎች ሥር ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እንጨርሳለን።

ዛሬ የምናገረው ከእናንተ ይልቅ አብረዋችሁ ለመጡት ልጆቻችሁ ነው። እኔም ልጅ ነኝና ከራሴ ልጀምር።

አባቴ ጡረታ የወጣው ከምድር ባቡር ነው። ሥራ ላይ ሳለ ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ ሲጥል ነበር የሚውለው። ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲገባ እኛ ልጆቹ ተረባረብንበት። ውሃ ሊቀዳ ሲነሳ «አባዬ፣ አረፍ በል»። ዳቦ ሊገዛ ሲል «እኔ እሄዳለሁ»። ከፍቅር ነው። ታላቅ ቆሞ ታናሽ መቀመጡ ነውር ነው ተብለን አይደል ያደግነው? በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ጠዋት ከሶፋው ሊነሳ ሞከረ፤ መልሶ ቁጭ አለ። ደግሞ ሞከረ። ጣቶቹ የሶፋውን ክንድ ጨብጠው ይንቀጠቀጡ ነበር። እኔ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። የሰው ልጅ ሳሠራ እየዋልኩ፣ የገዛ አባቴን እግር በማስቀመጥ አድክሜዋለሁ።

ጡንቻ ካላሠሩት ይከሳል። ደስ የሚለው ነገር፣ በስተርጅናም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆነ አሥር አቅመ ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። አእምሮም ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን በእግራቸው የሄዱ አረጋውያን፣ ትውስታን የሚይዘው የአንጎላቸው ክፍል 2 በመቶ ያህል አድጎ ተገኘ። ሰውነት ማፍታታት ብቻ የሠሩት ግን ያው ክፍል ቀንሶባቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጉልበት የሚሰጥ ሥራ ይጨመርበት ይላል። ብዙ አይምሰላችሁ። ጠዋት ጥላ ጥላውን ይዞ እስከ ለገሃር ደርሶ መመለስ አንዱ ነው። እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ ልኩ ነው። ውሃ ያዙ። ደረት ከወጋችሁ ወይም ራሳችሁን ካዞራችሁ ቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ቀስ ብላችሁ ተነሱ።

አባቴን የጀመርነው በወንበር ነው። መነሳት፣ መቀመጥ፣ ሌላ ምንም የለም። እጄን ስዘረጋለት «አቦ ተይኝ፣ ልሞክረው» አለኝ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ነበር። አሁን አሥር ይሞላል፤ የሚቆጥረውም ባቡር ላይ ሲሠራ በለመደው ፈረንሳይኛ ነው። ዳቦ የሚገዛውም እሱ ነው።

በሉ አሁን አብረን እንሞክር። ወንበራችሁ ጫፍ ላይ ጠጋ በሉ። እግራችሁን መሬት አስረግጡ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፉ፤ ያስቸገራችሁ ወንበሩን ያዙ። ልጆች፣ ከጎናቸው ቁሙ እንጂ አትሳቧቸው። ዝግጁ? አን፣ ዱ፣ ትሯ...