የማን ልጅ ነሽ?

ጎረቤቶቼ፣ እንዴት ዋላችሁ? የእድራችን ዳኛ «አንቺም አንድ ነገር በይ» ሲሉኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። ሂሳቡን ጸሐፊያችን ይነግሯችኋል። እኔ ባለፈው እሁድ ደረጃው ላይ የሰማሁትን ላውራችሁ።

ወተት የሚያመጡልን እማማ ልጄን አግኝተዋት «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። «ብሎክ 84፣ ሦስተኛ ፎቅ» ብላ መለሰች። ስምንት ዓመቷ ነው። እማማ ጉንጯን ዳበስ አድርገው አለፉ፣ እኔ ግን የያዝኩት ጀሪካን እጄ ላይ ከበደኝ።

እኔ ያደግኩት አራት ኪሎ፣ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ወደ ቀበሌ ከገቡት ቤቶች በአንዱ ነው። «የማን ልጅ ነሽ?» ስባል የእናቴን ስም እጠራለሁ። ጠያቂው ወይ ይመርቀኛል፣ ወይ «ቆይ ለእናትሽ ባልነግር!» ይለኛል። ያንን ኑሮ አላሳምረውም፤ ክረምት ሲገባ አልጋችን ላይ ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱም የስድስት አባወራ ነበር። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበን አስር ዓመት ጠበቅን። የካ አባዶ ደረሰን ሲባል እናቴ መሬት ስማ እልል አለች።

ከዚያ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ውኃ በፈረቃ፣ ጀሪካን በደረጃ። ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲህ የታክሲ ሰልፍ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት የሚገባ ሰው ጎረቤቱን መቼ ይወቅ? «ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ይከፋል» ሲባል የማልስማማው ለዚህ ነው። አልከፋንም፤ ደክሞናል።

ግን ድካም ሁሉንም አይሸፍንም። አምና ከእኛ በላይ የሚኖሩት አባት ሲያርፉ እኔ የሰማሁት በሁለተኛው ቀን ነው። ድንኳኑን ሳይ የሰርግ መስሎኝ ነበር። ኮቴያቸውን ከጣሪያዬ በላይ ለዓመታት ሰምቻለሁ፤ ሌሊት ተነስተው ውኃ ሲቀዱ ሁሉ አውቅ ነበር። ስማቸውን ግን ያወቅሁት ከአልቃሾቹ አፍ ነው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ከዚያ እሁድ በነጋታው እማማን ቤት አስገብቼ ቡና አፈላሁ። ቶናው ሲቀዳ ተነስተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። «እዚያ መኪናዎቹ የቆሙበት አውድማችን ነበር» አሉኝ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀሉ። «ይሄ ፎቅ ያለበት ገብስ፣ ወደ ታች ጤፍ።» የተሰጣቸው ካሳ ቤት ሲሠሩበት አለቀ። አሁን ሁለት ላሞች አሏቸው።

«እኛ ስንመጣ እዚህ ማንም አልነበረም» ስንባባል ሰምቻለሁ። እኔም ብያለሁ። ሐሰት ነው። ሰው ነበረበት፣ የሚታረስ መሬት ነበር፣ አውድማው ላይ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ያደግኩበት ሰፈር እኔ ከወጣሁ በኋላ ፈርሷል፤ ዛሬ ብሄድ የበራችን ደፍ የት እንደነበር አላገኘውም፣ ቢያንስ ግን ከዓይኔ ርቋል። እሳቸው ግን በየማለዳው ወተት ይዘው በአውድማቸው ላይ ያልፋሉ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የእድራችን ደንብ አባል የሚሆነው «የሳይቱ ነዋሪ» ነው ይላል። ይህን እንለውጠው። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ቤተሰቦች እንደ እኛው መዋጮ እየከፈሉ ይግቡ፤ ለቅሶ ስንቀመጥ ይድረሱልን፣ ሲያዝኑ እንድረስላቸው። እስካሁን ለለቅሷችን መጥተው ከድንኳኑ ውጭ ቆመው ነው የሚመለሱት።

ለእማማ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። «መዋጮዬን የምከፍለው ራሴ ነኝ» ብለዋል። መጥተዋል፣ ያውና ከኋላ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ተቀምጠዋል። እባካችሁ፣ ወንበራቸውን ወደ ፊት አምጡላቸው።