አምስተኛው ቀን

እህ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ባጃጁን እንደ ልማዳችሁ ችላ በሉት፤ ሐዋሳ ናት፣ ምን ይደረግ። ስለ ዓሣም ዛሬ አላወራም፣ ቃሌ ነው።

ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው አምስተኛው ቀን ነው። ከጭን የተላጠው ቆዳ የተቃጠለ የእጅ ጀርባ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ፋሻው መጀመሪያ የሚፈታበት ቀን። ላይ ላዩ ቶሎ ይወርዳል። የመጨረሻው የቫዝሊን ጎዝ፣ ቆዳውን የነካው ስስ ጨርቅ ማለት ነው፣ ግን በሳላይን፣ በጨው ውሃ፣ እየራሰ፣ ቀስ እየተባለ ነው። ሳብ ካደረጋችሁት ቆዳውን ይዞት ይመጣል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም እኮ! የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የሚኖረው ከሥሩ የሚያዠውን ፈሳሽ እየጠጣ ነው፤ ደም ሥሮቹ የሚገናኙት ከዚያ በኋላ ነው። በመሃል ከሥሩ ደም ከቋጠረ፣ እጁ ተንቀሳቅሶ ከተንሸራተተ ወይም መግል ከያዘ... አለቀ፣ ይጠቁራል። ቆዳው ላይ ትንንሽ ቀዳዳ የሚበጀውም ደሙ መውጫ እንዲያገኝ ነው።

ደግሞ «ከእኔ ውሰዱለት» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አንጀት ይበላል። ግን የሌላ ሰው ቆዳ አይዘልቅም፣ ሰውነት ይጥለዋል፤ መንታ፣ ያውም አንድ ዓይነት መንታ ካልሆኑ በቀር። ጅማት ወይም አጥንት ከተራቆተ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ፍላፕ ይፈልጋል፣ የራሱን ደም ሥር ይዞ የሚመጣ ወፈር ያለ ቆዳ። እሱን ሌላ ቀን።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ጎዙ ተነሣ። ሮዝ ነው። «ተመስገን!» አስታማሚዋ ፊቷ በራ።

እስቲ እንደገና። ጎዙ ተነሣ፣ ሮዝ ነው፣ ተመስገን። በዚያች ደቂቃ እጁን የሚያይ አለ? አንጓው ወድቋል፣ ጣቶቹ ተቆልምመዋል። እንደዚያ ነው የሚመቸው። ጠባሳም የሚወደው ያንኑ ነው። መሆን የነበረበት አንጓው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ቀና፣ የጣቶቹ ሥር ከ70 እስከ 90 ዲግሪ እጥፍ፣ ከዚያ በላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች ቀጥ። የዚያን የዓሣ ገበያውን ትልቅ ወፍ፣ የአባ ኮዳን ምንቃር በእጃችሁ ስትሠሩ ማለት ነው። (ይኸው፣ ዓሣ ገበያ ደረስኩ።) ስፕሊንቱ፣ ያ የጄሶ ድጋፍ፣ ይህን ይዞ የሚያቆይ ነው። ቆዳው ሲጠና እንቅስቃሴ ይጀመራል፤ ስፕሊንቱ ግን ሌሊት ሌሊት ለወራት ይቀጥላል፣ ጠባሳው መሳቡን ቶሎ አይተውማ። ቫዝሊንም በየቀኑ ማሸት አለ፤ የተተከለው ቆዳ የራሱ ወዝ ስለሌለው ይሰነጠቃል። ልጅ ከሆነ ደግሞ አጥንቱ ያድጋል፣ ጠባሳው እኩል አይለጠጥለትም፤ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል።

ይሄ ሁሉ የሚነገረው መቼ ነው? በመውጫው ቀን፣ ሻንጣው ተይዞ፣ መኪና እየጠበቀ። ማን ይሰማል?

አንዳንዴ «ተመስገን» ባይባል እላለሁ። አይ... ይባል እንጂ፣ ስንት ቀን ተጨንቀው! ብቻ ስፕሊንቱ ፋሻው ከመፈታቱ በፊት ተሠርቶ እዚያው አልጋው ላይ ቢጠብቅስ? ቢያንስ ዓይን ውስጥ ይገባል። ወይም... አላውቅም። ጄሶው ያሳክካል፣ ይሞቃል፣ ሌሊት አውልቆ ጥግ መጣል ነው። እኔስ ብሆን...

ይኸው ባጃጁ ደግሞ መጣ።