ቤቱን ሳይሆን መጀመሪያ ካርታውን አሳዩኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ታናሽ እህቴና ባለቤቷ ደሴ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ሊገዙ አስበዋል። ሰሞኑን ወሬያችን ሁሉ ቤት ሆኗል። ደላላው በቴሌግራም ፎቶ ይልክላታል፣ እሷ ለእኔ ትልካለች። ሴራሚኩ፣ የኪችን ካቢኔቱ፣ በረንዳው። እኔም የምመልስላት አንድ ጥያቄ ነው፦ ካርታው፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫው፣ በማን ስም ነው?

ደሴ ላይ ቤት ስትገዙ ሻጩን ባታውቁት አባቱን የሚያውቅ ሰው አታጡም። ቤቱ የውርስ ክርክር ካለበት፣ ባልና ሚስቱ ፍርድ ቤት ከቆሙ፣ ሰፈሩ ቀድሞ ይነግራችኋል። አዲስ አበባ ስትመጡ ይህ ዋስትና የለም። ደላላው ሻጩን የሚያውቀው ከትናንት ወዲያ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱም ተከራይ ነው። ስለዚህ ሰው ይነግራችሁ የነበረውን ሁሉ ወረቀቱ እንዲነግራችሁ ማድረግ አለባችሁ።

በተለይ ውክልና ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እህቴንም ያማራት ኮንዶሚኒየም በውክልና የሚሸጥ ነው። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ሰው ማዞር አይፈቀድም። ሰው ግን ይሸጣል። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ውክልና ይሰጣል፣ ገዢው ይገባል፣ የባንኩንም ዕዳ በሻጩ ስም ይከፍላል፣ ጊዜው ሲደርስ ስም ይዞራል ይባላል። እስቲ አስቡት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር እንደሚችል፣ ሲሞት ደግሞ ውክልናው እንደሚቀር ይደነግጋል። ሰውዬው ነገ አንድ ነገር ቢሆን ልጆቹ ክፉ መሆን አያስፈልጋቸውም፤ በአባታቸው ስም ቤት አለ፣ የእኛ ነው ይላሉ። እናንተ ደግሞ የደሴውን ቤት ሸጣችሁ የመጣችሁ ሰዎች ናችሁ፣ የምትመለሱበት የለም። ዋጋው ረከሰ ብላችሁ እዚህ ውስጥ እንዳትገቡ እለምናችኋለሁ።

ሌላው የትዳር ጉዳይ ነው። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። ውል የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት፣ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ስትሄዱ ሻጩን የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ አምጣ የሚሉት ለዚህ ነው። «ሚስቴ ውጭ አገር ናት፣ እሷ ችግር የለባትም» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ፣ ውክልናዋ እስኪመጣ አንድ ብር ቀብድ አትስጡ። የቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ እዚያው መመዝገብ አለበት። ሠፈር ውስጥ ሦስት ምስክር ፈርሞበት የሚቀር ወረቀት አያድናችሁም።

ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ደግሞ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን አረጋግጡ። ግቢ ያለው ቤት ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ካርታው 150 ካሬ ብሎ አጥሩ 200 ካሬ የከበበ ቤት ሞልቷል፣ ለትርፏም ጭምር ነው ዋጋ የሚጠሩላችሁ። ይዞታው ነባር፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ነው፣ ወይስ ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተያዘ? ሊዝ ከሆነ ስንት ዓመት ቀረው? ነባር ከሆነም በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ በውርስ ካልሆነ በቀር የሚተላለፍለት ሰው በሊዝ ይይዛል ይላል፣ ያንን ከሒሳባችሁ አስገቡ። ቦታው በፕላን ለምን እንደተመደበም ጠይቁ። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ የፈረሰውን ያየ ሰው ይህን ጥያቄ አይዘልም። የደላላው ሁለት በመቶ፣ የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዞሪያ፤ ይህም ከቤቱ ዋጋ ውጭ መያዝ አለበት።

ወረቀቱ ንጹሕ ሆነ እንበል። ኑሮውስ? ይህን ፎቶ አያሳይም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ በደረጃው ውጡና ከየበሩ አጠገብ ያለውን እዩ። ቢጫ ጀሪካን ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ ተደርድሮ ካያችሁ የውኃው ነገር ገብቷችኋል ማለት ነው። ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ፣ ላይኛው ፎቅ ይደርስ እንደሆነ ዘበኛውን ጠይቁት፣ ከደላላው ይልቅ እሱ ያውቃል። ከከተማው ዳር ኮዬ ፈጬ ወይም አራብሳ ገዝታችሁ ሥራችሁ መርካቶ ከሆነ ደግሞ ከጠዋቱ 12 ተኩል ላይ የታክሲ ሰልፉ ውስጥ ቁሙ። ልጆቹ ትምህርት ቤት በስንት ሰዓት ይደርሳሉ? ሲጨልም ማን ይቀበላቸዋል? እህቴ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው።

እንግዲህ እሷን ያልኳት፦ የደሴውን ቤት አሁን አትሽጡት፣ አከራዩት። እዚህም ተከራይታችሁ ግቡ። በ2016 በወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፤ አከራዩ ድንገት ተነስቶ ልቀቁ አይላችሁም። በዚያ ጊዜ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ፣ ከዕድርተኛው ጋር ትተዋወቃላችሁ፣ እውነተኛ ቤት የሚሸጥ ሰው ሲኖርም ከደላላው በፊት ትሰማላችሁ። ባለቤቷ «ዋጋው እስከዚያ ይጨምራል» አለኝ። ሊጨምር ይችላል፣ እውነቱን ነው። እኔ ግን ጨምሬ ብገዛ ይሻለኛል። እስካሁን አልተስማማንም፤ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ሰነዶች ማረጋገጫም ክፍለ ከተማም አብረን እንሄዳለን።