ያልተፈተገ ጠገራ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ፣ ከድሬ።

ሐረር ወጥታችሁ ጁገል ውስጥ «ጠገራ ብር አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ነጋዴው ያንን የድሮ የብር ገንዘብ ከሳጥን ያወጣና መጀመሪያ በሱሪው ፈተግ ፈተግ ያደርገዋል። አክብሮት ነው እኮ! ለእንግዳ የጠቆረ ዕቃ አይሰጥም። እኔ ግን «አቦ ተወው፣ እንዳለ ስጠኝ» እላለሁ። የምፈልገው እሱ የሚጠርገውን ነዋ።

ብር አየር ላይ ካለ የድኝ ጋዝ ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያበጃል። ገና ስስ ሳለ ወርቃማ ይመስላል። ትንሽ ሲወፍር ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ እያደር ጥቁር ይሆናል። የሚያቀልመው ብርሃኑ ነው፤ ከሽፋኑ ላይና ከሥሩ ተመልሶ ሲገናኝ። ከዝናብ በኋላ ከዚራ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ቀስተ ደመና ሲያወጣ አይታችሁ የለ? እሱው ነው።

አሜሪካኖቹ በዚህ ነገር አብደዋል። ሞርጋን የሚሉት የብር ዶላር አላቸው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1904፣ ኋላም በ1921 የተመታ። አንድ ሺህ አንድ ሺህ እየተቆጠረ በሸራ ከረጢት ታስሮ ካዝና ውስጥ ስንት ዘመን ተኛ። ሸራው ውስጥ ድኝ ነበረበት፤ ስለዚህ ጨርቁን ተጠግተው የከረሙት ቀለም አወጡ፣ መሐል የነበሩት ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። አንዳንዱ ላይ የሸራው ሽመና ራሱ ታትሞ ይታያል። ሌላ ዶላር ተደርቦበት የከረመው ደግሞ የተሸፈነው ወገኑ ነጭ፣ የተገለጠው ባለቀለም ነው። ቦታው ሳይቀር ተጽፎበታል ማለት ነው።

የእኛ ጠገራስ? ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው። ምስሏ ላዩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጅ 1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ቪየና ይመታ፣ ሮም ይመታ፣ ለንደንም ቦምቤይም ይመታ፣ ሁሉም ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። ዓመቱን አይቶ ዕድሜውን ማወቅ የለም። እኔን የሳበኝም ይኼ ነው፤ ዓመቱ የማይነግረኝን ቀለሙ በትንሹም ቢሆን ይነግረኛል፣ የት እንደከረመ።

ግን ቀለም ያለው ጠገራ በእኛ አገር ብርቅ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል፣ በማሰሮ ተቀብሯል፣ ስንቱ አንጥረኛ ጋ ቀልጦ አምባርና የአንገት ጌጥ ሆኗል። የተረፈውን ደግሞ በሎሚና በአመድ ፈተግነው! ለጌጥ እሺ፣ አንገት ላይ የሚውል ነገር ይብረቅ፤ ከእናቶች ጋር ክርክር አልገጥምም። ብሩ ላይ ግን የሚጠረገው ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ። ጥቁሩ ራሱ ብር ነበረ፤ በተፈተገ ቁጥር ከብሩ ይቀነሳል። ቶሎ የሚፋቀው ደግሞ ጎላ ብሎ የወጣው ነው፤ የራስ ጌጧ፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ባለዕንቁ ማያያዣ። የድሮ ሰዎች እኮ እነዚያን ዕንቁዎች አይተው ነበር ጠገራ የሚቀበሉት፤ የደበዘዘውን «ሌላ አምጣ» ብለው ይመልሱታል።

እኔ ጋ ካሉት አብልጬ የምወደው አንድ የምኒልክ ብር ነው፤ በእኛው አቆጣጠር የ1887፣ ፓሪስ የተመታው። ጠርዙ ሰማያዊ፣ አንበሳው ዙሪያ ወርቃማ ነው። መሐሉን አቋርጦ ቀጭን ጥቁር መስመር ያልፋል። ሰብሳቢ ቢያየው ጉድለት ነው ይለዋል። የላስቲክ ምልክት ነው፤ ላስቲክ ውስጥ ድኝ አለ። አንድ ሰው ቆጥሮ፣ ደርድሮ፣ በላስቲክ አስሮ አስቀምጦታል። ለምን ይሆን? ለጥሎሽ? ለዕዳ? እኔ ያንን መስመር በነጭ አልቀይረውም።

በምድጃና በኬሚካል ቀለም የሚያወጡ አሉ። ቀለሙ ተራውን ከዘለለ፣ ከወርቃማው ሳይጀምር በአንዴ ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ ተጠራጠሩ። ማየቱ ራሱ ያስጠላኛል፣ ወላሂ።

ሳጥን ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ በጠርዙ ያዙት፣ በላስቲክ አትሰሩት፣ በሱፍ ጨርቅም አትጠቅልሉት፤ ሱፍም ድኝ አለበት። በተረፈ ተዉት። ጁገል ካሉት ነጋዴዎች አንዱ አሁን አውቆኛል፤ የጠቆረ ሲያገኝ ለይቶ ያስቀምጥልኛል፤ «ይኼ እንኳ ተበላሽቷል» እያለ ዋጋም ይቀንስልኛል። እኔም አልከራከረውም።